ስቶርም ሃይ-ሮድ ኳስ እና ያስበሳሁበት ፕሮ ሾፕ፣ ረዘም ያለ ሪቪው

ሰሜን ቨርጂኒያ አካባቢ ቦውሊንግ ሊግ ምትጫወቱ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ልጆች የራሴን ኳስ ልግዛ ወይ፣ የቱን ልግዛ እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ሪቪው ማደርገው ሁለት ነገር ነው፣ አንዱ ስቶርም ሃይ-ሮድ ሚባለው ኳስ፣ ሌላው ደሞ እጄን ለክቶ ኳሱን የበሳልኝ ፕሮ ሾፕ፣ እና ካሁኑ ልንገራችሁ ትልቁን ነጥብ ምሰጠው ለሱቁ ነው። ኳሱ በጣም ጥሩ ኳስ ነው ግን ኦንላይንም ታገኙታላችሁ፣ አወራወራችሁን አይቶ በልካችሁ ሚበሳ ሰው ግን እንደዛ በቀላሉ አይገኝም።

ሱቁ ቦውሊንግ ቤቱ ውስጥ መግቢያው ጥግ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፣ ግድግዳው ላይ ኳስ ተደርድሯል፣ ከኋላ የመብሻ ማሽኑ አለ፣ በቃ። ባለቤቱ በእድሜ ገፋ ያሉ አሜሪካዊ ናቸው። ኳስ ፈልጌ ነው ስላቸው ወደ መደርደሪያው እንኳን አልዞሩም፣ የት ነው ምትጫወተው፣ በሳምንት ስንቴ፣ አንጓህን ወይ ክርንህን አሞህ ያውቃል ወይ፣ ስራህ ምንድነው አሉኝ፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዤ እንደምውል ስነግራቸው እጄን ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ከዛ እስኪ ና ወርውር ብለው ወደ ሌን፣ ኳሱ ሚወረወርበት መስመር ወሰዱኝ። መጀመሪያ ከጎን ቀጥሎ ከኋላዬ ቆመው ዝም ብለው ያያሉ። ኳሱ ተመልሶ ሲመጣ ሌኑ ላይ ከሚቀባው ዘይት ዙሪያውን ይዞት የመጣውን ቀለበት በእርሳስ አስምረው ለኩት። ከዛች መስመር ተነስተው ኳሱ ከእጃችሁ ሲወጣ ሚሽከረከርበት ዘንግ በየት በኩል እንደሚወጣ ያገኛሉ፣ ፓፕ ይሉታል፣ የኔ ከግሪፑ (ከጣት ቀዳዳዎቹ) መሀል 5 ኢንች ወደ ቀኝ ግማሽ ኢንች ወደ ላይ ነው። ይቺ ነጥብ ከሰው ሰው ትለያለች፣ እሷን ሳይለካ ኮሩን (ኳሱ ውስጥ ያለውን ከባድ ክፍል) በየት በኩል ላድርገው ብሎ ሚወስን ሰው በግምት ነው ሚሰራው።

ስታይል ሲባል ብዙ ሰው የቄንጥ ጉዳይ ይመስለዋል፣ ግን ሚለካ ነገር ነው። ኳሱን በምን ፍጥነት ትለቁታላችሁ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንዲሽከረከር ታደርጉታላችሁ፣ ዘንጉ ወደ ጎን ምን ያህል ዞሯል፣ ወደ ላይስ ምን ያህል ቀና ብሏል። ዋልተር ሬይ ዊሊያምስ 47 የፒቢኤ (የፕሮፌሽናል ቦውለሮች ማህበር) ዋንጫ ሲበላ፣ ይሄ እስካሁን ያልተሰበረ ሪከርድ ነው፣ ብዙም ሳያሽከረክር በልበ ሙሉነት እያነጣጠረ ነው። አውስትራሊያዊው ጄሰን ቤልሞንቴ ደሞ በሁለት እጁ ይዞ አውራ ጣቱን ቀዳዳ ውስጥ ሳይከት ነው ሚወረውረው፣ ኳሱ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ ነው ሚሄደው። ለነዚ ሁለት ሰዎች አንድ አይነት ኳስ በአንድ አይነት አበሳስ ብትሰጧቸው አንዳቸው ጋ አይሰራም። ፍጥነቱ በዝቶ ሽክርክሩ ሚያንስበት ሰው ሌኑን ቶሎ ሚይዝ ሻካራ ሽፋን ያለው ጠንከር ያለ ኳስ ይፈልጋል፣ ቀስ ብሎ እየወረወረ በጣም ሚያሽከረክር ሰው ደሞ ፖሊሽ የተደረገ፣ ቶሎ ማይነቃ ኳስ ነው ሚሻለው፣ አለዚያ ገና መሀል ሳይደርስ ይታጠፍበታል። እኔ ሁለቱም መካከለኛ ነኝ፣ እዚህ ትዊነር ነው ሚሉት።

ወደ ኳሱ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ውስጡ ስላለው ኮር ነው ሚያወራው ግን ኳሱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ከሁሉም በላይ ሚወስነው የውጭ ሽፋኑ ነው። ቦውሊንግ ቤት በነጻ ምታነሱት ኳስ ፕላስቲክ ነው፣ ዘይት ላይም ደረቅ ላይም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዩሬቴን ሚባለው ቀድሞ ይጀምርና በስሱ ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የመጣው ሪአክቲቭ ሬዚን ግን ጨዋታውን ቀየረው፣ ዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ደረቁን እንጨት ሲያገኝ ሙጭጭ ብሎ ይይዝና ወደ ፒኑ ይዞራል። ይሄ መዞር ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ፣ ኳሱ ፖኬት (በፊተኛው ፒንና አጠገቡ ባለው መሀል) ውስጥ ሲገባ ወደ 6 ዲግሪ አካባቢ አዘንብሎ ከገባ ነው የስትራይክ፣ ሁሉንም ፒን በአንዴ የመጣል እድሉ ሚጨምረው፣ ቀጥ ብሎ ሚሄድ ኳስ ደሞ ምንም ብታደርጉት እዛ አንግል አይደርስም።

ሃይ-ሮድ ሃይብሪድ ሪአክቲቭ ነው፣ ማለትም እንዲንሸራተት ሚያደርገውና ሌን ሚይዘው ሽፋን ተደባልቆ የተሰራ። አብዛኛው ኳስ ከአንድ ሁለት አመት በላይ ገበያ ላይ በማይቆይበት ስራ ይሄ ለብዙ አመታት ሲሸጥ ኖሯል፣ ለኔ ይሄ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ኮሩ ሲሜትሪክ ነው፣ ቅርጹ በየጎኑ እኩል ማለት ነው፣ በ15 ፓውንድ አርጂው 2.57 ዲፈረንሻሉ 0.046። አርጂ ማለት ኳሱ ምን ያህል ቶሎ መሽከርከር እንደሚጀምር ነው፣ ሚፈቀደው ከ2.46 እስከ 2.80 ስለሆነ ይሄኛው ከመሀል ትንሽ ወደ ታች ነው። ዲፈረንሻል ደሞ የመታጠፍ አቅሙን ነው ሚያሳየው፣ ከፍተኛው 0.060 ነው፣ ስለዚ 0.046 በቂ ጉልበት አለው። እህቶችም ሆናችሁ ቀለል ያለ ኳስ ምትፈልጉ ሁሉ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የ15 ፓውንዱ ነው፣ ኳሱ ወደ 13 እና 12 ሲወርድ ኮሩ ራሱ ሊቀየር ይችላል፣ የራሳችሁን ክብደት ቁጥር ጠይቁ።

ሱቁን የወደድኩበት አንዱ ምክንያት እዚ ጋ ነው። እዛው መደርደሪያ ላይ ከ200 ዶላር በላይ ሚሸጥ ጠንካራ አሲሜትሪክ (ኮሩ በየጎኑ እኩል ያልሆነ) ኳስ ነበር፣ እኔም አይኔ እሱ ላይ ነበር፣ እሳቸው ግን አይ ያ ላንተ አይሆንም አሉኝ። ምክንያታቸውን አስረዱኝ፣ ሌኑ ከመስመሩ እስከ መጀመሪያው ፒን 60 ጫማ ነው፣ ሊግ ምንጫወትበት የተለመደው ዘይት 40 ጫማ አካባቢ ድረስ ነው ሚቀባው፣ መሀሉ ላይ ብዙ ጠርዙ ላይ ጥቂት፣ ስለዚ ጠርዙ ደረቅ በሆነ ቤት ላይ እንደዛ ያለ ኳስ ቶሎ ጉልበቱን ጨርሶ ፒኑ ጋ ሲደርስ ይሞታል። 150 ዶላር አካባቢ የሆነውን አውርደው ሰጡኝ። ውዱን መሸጥ እየቻለ ርካሹን ሚሰጣችሁን ነጋዴ እመኑት።

አበሳሱ ላይ ደሞ ሌይአውት ሚሉት አለ። ኳሱ ላይ ፒን ምትባል ትንሽ ክብ ምልክት አለች፣ የኮሩን ጫፍ ነው ምታሳየው፣ እሷን ከፓፓችሁ ምን ያህል እንደሚያርቋት ነው ኳሱ እየሄደ ምን ያህል አዲስ ሽፋን ሌኑን እንደሚነካ ሚወስነው። 3 ከ3/8 ኢንች ላይ ስትሆን ከፍተኛው ነው፣ ከዛ ወዲያም ወዲህም ስትሄድ እየቀነሰ ይመጣል። ለኔ 4 ኢንች ተኩል ላይ አድርገው ፒኗን ከጣቶቹ በላይ አስቀመጧት፣ ዘግየት ብሎ እንዲታጠፍ። ሌይአውት ላይ ግን ብዙ ሰው ያጋንናል፣ እሳቸውም ያሉኝ ይሄንኑ ነው፣ ሽፋኑን በ2000 ወይ በ4000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፓድ ማሸት ከሌይአውት ሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣል።

ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የፈለኩት ግን ስለ እጅ ነው። የቤቱ ኳስ ላይ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ነው ምትከቱት፣ በልክ ሚበሳው ፊንገርቲፕ ሚባለው አያያዝ ላይ እስከ መጀመሪያው ብቻ ነው፣ አውራ ጣት ሙሉ ይገባል። ስለዚ ከአውራ ጣት ቀዳዳ እስከ ጣቶቹ ያለው ርቀት፣ ስፓን ሚባለው፣ ሚሊሜትር ሁሉ ለውጥ አለው፣ ለመሀል ጣትና ለቀለበት ጣትም ለየብቻ ነው ሚለካው። ስፓኑ ከረዘመ አውራ ጣት ይሳባል፣ ጅማቱ ማታ ማታ ይጠዘጥዛል። ካጠረ ደሞ ኳሱ እንዳይወድቅ ትጨመድዱታላችሁ፣ የጨመደደ እጅ በሰአቱ አይለቅም፣ ያኔ ኳሱ ወይ ቀድሞ ይወድቃል ወይ ይዟችሁ ይሄዳል። ፒች ሚባል ደሞ አለ፣ ቀዳዳው ወደ ኳሱ መሀል ነው ወይስ ወደ ውጭ ያዘነበለው ሚለው፣ አውራ ጣታችሁ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚተጣጠፍ እየታየ ነው ሚሰጠው፣ ምክንያቱም አውራ ጣት ከሁለቱ ጣቶች ቀድሞ ወጥቶ ማለቅ አለበት፣ ሽክርክሩን ሚሰጡት ከሱ በኋላ ሚወጡት ጣቶች ናቸው።

ሰውዬው የአውራ ጣቴን ልክ የወሰዱት ወርውሬ እጄ ከሞቀ በኋላ ነው፣ ጣት ጨዋታ መሀል ያብጣልና። ቀዳዳውን ክብ ሳይሆን እንደ ጣቴ ቅርጽ ሞላላ አርገው በስላግ (ለአውራ ጣት ቀዳዳ ሚገባ መሰኪያ) ላይ ሰሩት፣ ለጣቶቹ የጎማ ኢንሰርት አስገቡ፣ ጠርዙን በእጃቸው እየሞረዱ አስገባው አውጣው እያሉ እስኪለሰልስ አስተካከሉት። ትንሽ ሰፋ አድርገው ትተውት ውስጡ ቴፕ ለጠፉበት፣ ጣቴ ሲያብጥ አንድ ማውጣት ሲከሳ አንድ መጨመር ነው። ከዛ እንደገና ወርውር አሉኝ፣ አንዴም ሳልጨመድደው ወጣ።

አንድ ወዳጄ ሌላ ቦታ ሳይለኩት ቆመው እንኳን ሳያዩት በሱቁ ልክ በስተውለት የአውራ ጣቱ ስር አብጦ መጫወት ሊተው ነበር። እኔ ጋ ሲነግረኝ እዚ ይዤው መጣሁ፣ ቀዳዳዎቹን ደፍነው በአዲስ ልክ በሱለት፣ አሁን ከኛ ቲም ወጥ ነጥብ ያለው እሱ ነው። ስለዚ ቦውሊንግ እጄን ያመኛል ብላችሁ የተዋችሁት ካላችሁ ከመተዋችሁ በፊት ቀዳዳውን አስለኩ፣ ጨዋታው ማንንም እንዲያሳምም አልተሰራም።

ሃይ-ሮድ ሌን ላይ እንዴት ነው? የሌኑን መጀመሪያ ሳይያዝ ያልፋል፣ ቶሎ አይነቃም፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዞር ማለቱ ደሞ ግልጽ ነው፣ ፖሊሹ ያመጣው ነው። ሊጉ እየገፋ ዘይቱ ሲደርቅ ሌላው ሰው ኳስ ሲቀይር እኔ ትንሽ ወደ ግራ እየቆምኩ እሱኑ እጫወታለሁ። ማይወደው ነገር ቢኖር ዘይት የበዛበትን ሌን ነው፣ ገና የተቀባ ከባድ ዘይት ላይ ይንሸራተትና ሳይዞር ያልፋል፣ ለዛ ወይ ማሸት ወይ ሌላ ኳስ ነው። 10ኛዋን ፒን ብቻዋን ለመምታት ደሞ አይሆንም፣ ይታጠፋላ፣ ለሷ ፕላስቲክ ኳስ ያዙ፣ ርካሽ ነው፣ ግን እሱንም በዛው ስፓን አስበሱት፣ እጃችሁ ሁለት አይነት አያያዝ መልመድ የለበትም።

ዋጋውን በተመለከተ መብሳቱ ከኢንሰርትና ከስላግ ጋር ከ60 እስከ 100 ዶላር ባለው ውስጥ ነው ብዙ ቦታ ሚሄደው፣ እዚም እዛው ውስጥ ነው፣ በኋላ ላለው ማስተካከያ አያስከፍሉም። ቅሬታዬ ሰአታቸው ነው፣ ማታ ማታ ብቻ ለጥቂት ሰአት ነው ሚከፍቱት፣ የሊግ ሰሞን ሲሆን ወረፋው ይረዝማል፣ ስልክ ቶሎ አያነሱም። ሌሊት ለምትሰሩ በጣም ያስቸግራል፣ ይሄን ማስተካከል አለባቸው።

ከሰው ላይ ያገለገለ ኳስ ልግዛ ለምትሉ ደሞ፣ የድሮ ኳስ ጎኑ ላይ ለሚዛን የተበሳ አራተኛ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፣ የአሜሪካን ቦውሊንግ ሚመራው ድርጅት ዩኤስቢሲ ከኦገስት 1 ቀን 2020 ጀምሮ ከልክሎታል፣ ማትይዙበት ቀዳዳ ያለው ኳስ ሊግ ላይ አይገባም። ያንን መድፈን፣ የድሮውን ባለቤት ልክ መድፈን፣ እንደገና መብሳት ሲደመር አዲስ ከመግዛት ብዙም አይርቅም። ሪአክቲቭ ኳስ ደሞ ዘይት ይጠጣል፣ ሳይጠረግ የኖረ ከሆነ መያዝ ያቆማል፣ የናንተንም ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ በክሊነር ጥረጉት፣ ወደ 60 ጌም ሲደርስ ገጹን አሳድሱት።

ስትሄዱ ቀጠሮ ያዙ፣ የቤት ኳስ ሳይሆን አሁን ምትጫወቱበት የራሳችሁ ኳስ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጫማችሁንም ያዙ ምክንያቱም ያስወረውሯችኋል፣ እና የት ጋ እንደሚያማችሁ ሳትደብቁ ንገሯቸው።