የተላመደ ቲቢን ዱካ መከተል፦ 24 ቦታ መቁጠር ወይስ ሙሉውን ጂኖም ማንበብ?

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው ሁለት ሰዎች ተገኙ እንበል። አንዱ ከሌላው ይዞት ነው ወይስ ሁለቱም ከተለያየ ቦታ?

የቆየው ዘዴ ሚሩ-ቪኤንቲአር ይባላል። በባክቴሪያው ዲኤንኤ ላይ 24 ቦታዎች ተመርጠው፣ በየቦታው አንድ ቁራጭ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ይቆጠራል። የሚወጣው ልክ እንደ ስልክ ቁጥር የተደረደረ ቁጥር ነው። ማንኛውም ላብራቶሪ ከሌላው ጋር በቀላሉ ያስተያየዋል። ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፏል ማለት አይደለም። በተለይ ቤጂንግ በሚባለው ዝርያ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት የተለያዩ፣ የተራራቁ ባክቴሪያዎች አንድ መስለው ይወጣሉ።

ሙሉ የጂኖም ንባብ፣ ማለትም የባክቴሪያውን ዲኤንኤ በሙሉ ማንበብ፣ ግን 4.4 ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላትን ያያል። ቲቢ የሚቀየረው ቀስ ብሎ ነው፤ በግምት በሁለት ዓመት አንድ ፊደል። ስለዚህ በሁለቱ ሰዎች ባክቴሪያ መካከል ያለው ልዩነት 5 ፊደል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የቅርብ ጊዜ መተላለፍ ይጠረጠራል። ከ12 ካለፈ ግን በቅርብ ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈ አይመስልም።

እኔን በጣም የሚስበኝ ሌላው ጥቅሙ ነው። ዋናውን የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን የሚያከሽፈው የአርፒኦቢ ጂን ለውጥ በዚያው ንባብ ይታያል። ሰውየው የተላመደውን ቲቢ ከሌላ ሰው ይዞት ይሁን ወይም ሕክምና ላይ እያለ ተላምዶበት ለመለየት ይረዳል። የመጀመሪያው ከሆነ ቤተሰቡንና የሥራ ባልደረቦቹን ቶሎ መመርመር፣ ሁለተኛው ከሆነ ሕክምናው የት ጋ እንደተበላሸ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ማሽኑና ባለሙያው ውድ ነው፤ እውነት ነው። ቢሆንም ለተላመደ ቲቢ እኔ ጂኖሙን እመርጣለሁ። አቅም ከሌለ በ24ቱ ቦታ ይጀመር፤ ቁጥራቸው የገጠመው ብቻ ወደ ጂኖም ንባብ ይላክ። በሽተኛውን «ከማን ጋር ትውላለህ?» ብሎ መጠየቅ ግን በሁለቱም አይቀርም።