ክሮሚየም የተቀባ ቱቦ ወይስ ሲሊኮን ካርባይድ?

ኒውክሌር ሪአክተር ውስጥ ነዳጅ የሆነው ዩራኒየም የሚታሸገው ዚርኮኒየም ከሚባል ብረት የተሰራ ቱቦ ውስጥ ነው፣ ብረቱ ደሞ ከመጠን በላይ ሲግል ከእንፋሎት ጋ ተዋህዶ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ፉኩሺማ ላይ ህንፃዎቹን ያፈነዳቸው ይሄው ነው።

አንዱ መፍትሄ ያንኑ ቱቦ ክሮሚየም መቀባት ነው። ዱቄቱን ሳያቀልጡ በጋዝ ግፊት በኃይለኛ ፍጥነት ይረጩበታል፣ ወይ ደሞ ቫኪዩም ውስጥ አትንነው ያስይዙታል፣ ሽፋኑ ከፀጉር ይቀጥናል ግን ዝገቱን በደንብ ይቀንሳል። አሜሪካ ጆርጂያ ያለው ቮግል የኒውክሌር ጣቢያ እ.ኤ.አ. 2019 ላይ አስገብቶ ሞክሮታል። ችግሩ 1,330 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ሁለቱ ብረቶች አንድ ላይ መቅለጥ ይጀምራሉ።

ዚርኮኒየሙን ሲሊኮን ካርባይድ በሚባል ሴራሚክ መተካት ግን በጣም ነው የሚያጓጓኝ! ፋይበሩን በቱቦ ቅርፅ ይሸምኑትና ክፍተቱን በጋዝ ቀስ እያሉ ይሞሉታል፣ 2,000 ዲግሪ እንኳን አያቀልጠውም። ግን ሴራሚክ ስለሆነ ትንሽ ከተሰነጠቀ ጋዝ ያሾልካል፣ ጫፉንም እንደ ብረት በይዶ መዝጋት አይቻልም፣ እዛ ላይ ገና ብዙ ስራ አለ።

ስለዚህ ለአሁኑ እኔ ክሮሚየሙን ነው የምመርጠው፣ ያሉት ሪአክተሮች ላይ ብዙ ሳይቀየር ይገባል፣ ዩራኒየሙ ከ5 ፐርሰንት በላይ ከበለፀገ (ማለትም ኃይል የሚሰጠው ዩራኒየም-235 ድርሻው ከዚያ በላይ ከተደረገ) ደሞ ነዳጅ መቀየሪያ ጊዜውን ከ18 ወር ወደ 24 ወር ለማራዘም ያግዛል።