ከ14 ወር በኋላ፦ ጎንደር ቤቴ ላይ ያስገጠምኩት ሶላር፣ የከፈልኩትና ልከፍል የነበረው

ሶላሩን ያስገጠምኩት ኅዳር 2017 ነው። ይህን የምጽፈው ደግሞ ጥር 2018፣ የጥምቀት እንግዶቻችንን ሸኝተን ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰሞን ነው። አንድ በጋ፣ አንድ ሙሉ ክረምት፣ አሁን ደግሞ ሁለተኛው በጋ። ስለዚህ የምናገረው ሻጩ የነገረኝን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

ቤታችን አዘዞ ነው። ከእማዬና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው የምኖረው። እማዬ ስኳር አለባት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ እኔን የሚያስጨንቀኝ ጨለማው አይደለም፣ ፍሪጁ ነው። አንድ ጊዜ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ፣ ኢንሱሊኗን በላስቲክ ቋጥሬ፣ እርጥብ ጨርቅ በጠቀለልኩት እንስራ ውስጥ አስቀምጬ ሌሊቱን ስነሳ ስተኛ አነጋሁ። ሶላር ለማስገባት የወሰንኩት ያን ሌሊት ነው።

በማግስቱ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ሱቅ ሄድኩ። 485,000 ብር ተባልኩ። "ሙሉ ፓኬጅ ነው፤ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር፣ 8 ፓናል፣ 4 ጄል ባትሪ፣ ከነገጠማው።" ኢንቨርተር የሚሉት የፓናሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሳጥን ነው፤ ጄል ደግሞ የእርሳስ ባትሪ ዓይነት። ለየብቻው ስንት ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩ። "እህቴ፣ ፓኬጅ እኮ ነው፣ አይነጣጠልም" አለኝ። ግማሹን ቀብድ በዚያ ሳምንት ካላስገባሁ ዶላር ስለሚጨምር ዋጋው እንደሚለወጥም ነገረኝ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ንግግር ሁላችንንም ያስደነግጣል። እውነትም አለበት። ግን ሰውን ለማጣደፊያም ያገለግላል። የዚያን ቀን ገንዘቡ በእጄ ቢኖር ኖሮ እከፍል ነበር።

ያዳነኝ የቤታችን ቆጣሪ ነው። ለሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን በልጄ ደብተር ላይ ጻፍኩ። አብዛኛው ቀን ከ2.5 እስከ 3 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥረው የኤሌክትሪክ መጠን) ነበር የምንጠቀመው። ሁለት ቀን ብቻ ወደ 8 ዘለለ። ሁለቱም እንጀራ የተጋገረባቸው ቀኖች ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ሻጩ 5 ኪሎዋት ያለኝም ለዚህ ነው፤ "ምጣድ አለሽ?" ብሎ ጠይቆኝ አዎ ብዬዋለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትልቁ ገንዘብ የዳነው እዚህ ነው። ምጣዱን በሶላር ላስኬድ ካልኩ ኢንቨርተሩም፣ ባትሪውም፣ ፓናሉም፣ ኬብሉም ያድጋል። በሳምንት ለሁለት ቀን ሥራ ብቻ። እንጀራው ደግሞ ይጠብቃል። መብራት ሲመጣ ይጋገራል፣ ካልመጣም እማዬ በእንጨት ትጋግራለች። የማይጠብቀው ፍሪጁ ነው። ከእሱ ጋር አምፖሎቹ፣ ዋይፋዩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ስልክና ላፕቶፕ፣ ውኃ ወደ ሮቶ የሚገፋው ትንሽ ፓምፕ። እማዬን ሳማክራት "ምጣዱን ተይው፣ መድኃኒቴን ያብርድልኝ" አለች። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሌላው ሻጮች የሚሉት "በመብራት ክፍያ ገንዘብሽን ይመልሳል" የሚል ነው። እኔ ጋ አልመለሰም፣ አይመልስምም። የእኛ አገር የመብራት ክፍያ ከብዙ አገር ርካሽ ነው። በወር የቀነሰልኝ ጥቂት መቶ ብር ነው። ሶላር ለእኔ ቤት የገዛው መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ነው። ይህን ልብ ያለ ሰው ለ8 ፓናል አይከፍልም።

ከዚያ በኋላ በሁሉም ሱቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ዞርኩ፦ "ፓናሉ በዋት ስንት ነው? ባትሪውስ በኪሎዋት ሰዓት?" አንዳንዱ ግራ ተጋባ። አንዳንዱ ደስ ብሎት አብሮኝ ካልኩሌተር አወጣ። ከእነዚህ ደስ ካላቸው አንዱ ዘንድ ነው የገዛሁት። ባለ 550 ዋት ፓናል 16,500 ብር ማለት በዋት 30 ብር ነው። ሌላ ሱቅ ባለ 450 ዋቱን 15,750 አለኝ። ሲሰሙት የረከሰ ይመስላል፣ በዋት ግን 35 ብር ነው። አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ እዚያ ያለውን ዋጋ ጠይቃ ነገረችኝ። ከጎንደሩ ይቀንሳል። ነገር ግን ከ700 ኪሎሜትር በላይ መንገድ፣ የጭነት ኪራይና የመስታወት ስብራት ሲታሰብ ልዩነቱ ያልቃል። መንገዱ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም።

አንድ ቀን ሜትር ይዤ መሄዴ ጠቀመኝ። አንድ ሱቅ ውስጥ "550 ዋት" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ፓናል ቁመቱ 1 ሜትር ከ76፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ4 ሆኖ አገኘሁት። እውነተኛው ባለ 550 ዋት ግን ወደ 2 ሜትር ከ28 በ1 ሜትር ከ13 ነው። ክብደቱም ወደ 28 ኪሎ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ፓናል የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን ሲያርፍበት ነው። ጥሩ የሚባለው ፓናል ከዚያ ላይ 21 ወይም 22 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ስለዚህ ስፋቱን በካሬ ሜትር አውጥቶ በ215 ማባዛት ነው። የዚያኛው 400 እንኳ አይሞላም። ልጁን ሳሳየው እሱ ራሱ አላወቀም ነበር፤ እንደመጣለት ነው የሚሸጠው።

ባትሪው ላይ ብዙ ቀን ተከራክሬያለሁ። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ጄል 32,000 ብር ነበር። ቮልቱና አምፒር ሰዓቱ ሲባዙ በወረቀት 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ነገር ግን ጄል እንዲቆይ ከተፈለገ ከግማሽ በታች ማውረድ አይገባም። ስለዚህ የምጠቀምበት 1.2 ብቻ ነው፤ በኪሎዋት ሰዓት ወደ 26,700 ብር ይመጣል። ሊትየሙ፣ ማለትም ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው፣ 25.6 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ሆኖ 135,000 ብር ነበር። ያ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 4.6ቱን በደህና እጠቀማለሁ። በኪሎዋት ሰዓት ወደ 29,300 ብር። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጄል ግን በየቀኑ ሲሠራበት ጥቂት መቶ ጊዜ ሞልቶ ሲወርድ ይደክማል፤ ሊትየም በሺዎች ይቆጥራል። ሊትየሙን ወሰድኩ። ከሁሉም ውሳኔዬ በጣም የምደሰትበት ይህ ነው።

የከፈልኩት እንግዲህ ይህን ይመስላል። አራት ፓናል 66,000፣ ባትሪ 135,000፣ ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር 48,000፣ ኬብልና ብሬከር 14,000፣ ብረቱ ከነብየዳው 11,000፣ የእጅ ዋጋ 18,000። ድምር 292,000 ብር። ዋጋው የዚያ ወር ነው፣ ዛሬ ሌላ ነው። የሚጠቅመው አከፋፈሉን ማየቱ ነው። ሁሉም በደረሰኝ ነው የተገዛው። "ያለ ደረሰኝ ልቀንስልሽ" ያሉኝ ነበሩ፤ ቫቱ 15 በመቶ ስለሆነ ያጓጓል። ግን ባትሪው በስድስተኛው ወር ቢሞት በምን ማስረጃ ልመልሰው?

ለምን አራት ፓናል? በበጋ ለ3 ኪሎዋት ሰዓት ሁለቱም ይበቁኝ ነበር። የጎንደር ፀሐይ ለጋስ ናት። ክረምቱን አስቤ ነው በእጥፍ የወሰድኩት።

ገጠማው ላይ ግን ተጎድቻለሁ። ገጣሚው ብረቱን ከፍ አድርጎ በቁመት ሊያቆም ፈልጎ ነበር፤ ለዚያ 26,000 ብር ጠይቆ። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ላይ ነን። ፀሐይ አናታችን ላይ ናት፣ እንዲያውም በሰኔ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ማለቱ ይበቃል። የቆርቆሯችን ተዳፋት ያንን ይሰጣል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ብረት ብቻ አስበየድኩ። እዚህ ድረስ ደህና ነበር።

ሁለት ነገር ግን አመለጠኝ። ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር የሚሄደውን ኬብል ባለ 16 ሚሊሜትር ካሬ አደረገው። ባትሪው ወደ 25 ቮልት ነው፤ 1,500 ዋት ሲጎተት ከ60 አምፒር በላይ ያልፋል። በሦስተኛው ሳምንት ካውያ እየሠራ ኬብሉን ስነካው ትኩስ ነበር። የፓናሉን ብሬከር ደግሞ ለቤት መብራት የሚሆነውን ኤሲ ነው የገጠመው። ዲሲ፣ ማለትም ከፓናልና ከባትሪ የሚወጣው ኤሌክትሪክ፣ ሲቋረጥ እሳት ስለሚስብ የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ስደውልለት መጀመሪያ "ችግር የለውም እህቴ" አለኝ፤ ቀጥሎ ስልክ ማንሳት ተወ። ሌላ ባለሙያ አምጥቼ ኬብሉን ወደ 35፣ ብሬከሩን ወደ ዲሲ አስቀየርኩ። 9,500 ብር። በሰኔ ደግሞ ቆርቆሮው የተበሳበት ቦታ ኮርኒሱ ላይ ውኃ አንጠባጠበ። እሱን በማስቲሽና በጎማ ወንድሜ ደፈነልኝ።

የእጅ ዋጋውን በአንድ ጊዜ ነበር የከፈልኩት። የጎረቤታችን ጋሼ ባለፈው መስከረም ሲያስገጥሙ ግን አንድ ሦስተኛውን ይዘው ቆዩ። ባትሪው ሞልቶ፣ ፓናሉ ጠፍቶ፣ ባለ 1,000 ዋት ስቶቭ ተሰክቶ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አብረን ለካን። የእሳቸውም ባትሪ ባለ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ተኩል ያህል ሄደ፤ ገንዘቡ በማግስቱ ተከፈለ። ኬብሉንም በእጃቸው እየነኩ አዩት። እኔም እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ።

አሁን ወደ አሠራሩ። በበጋ ባትሪው ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው፤ ካውያውንም ፓምፑንም ከሰዓት አደረግናቸው። በየካቲትና በመጋቢት አቧራው መስታወቱን ይሸፍነዋል። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ 1,350 ዋት ይል የነበረው፣ ጠዋት በማለዳ በውኃና በጨርቅ ከታጠበ በኋላ በማግስቱ 1,600 አለ። አሁን በየሦስት ሳምንቱ ልጄ ይወጣል። የጋሼ ባሕር ዛፍ ከ10 ሰዓት በኋላ አንዱ ፓናል ላይ ጥላ ይጥል ነበር። በተከታታይ ስለተያያዙ የአንዱ ጥላ አራቱንም ይጎትታል። ጋሼን "ቅርንጫፏን ብናስቆርጣት ቅር ይሎታል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ራሳቸው መጋዝ ይዘው መጡ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ክረምቱ እንደፈራሁት ነበር። ነሐሴ ላይ በጣም የከፋው ቀን 2.1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሰጠ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን በተከታታይ ከመብራት መሙላት ነበረብን። አንድ ቀን ምሽት መብራት ጠፍቶ ባትሪውም ሊያልቅ ሲል ከፍሪጁ በስተቀር ሁሉንም አጠፋን። ፍሪጁ ግን አልቆመም። ውስጡ ያስቀመጥኩት ቴርሞሜትር በእነዚህ 14 ወራት ከ8 በላይ ሲል አላየሁትም።

ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሠራ ራሱ ወደ 35 ዋት ይበላል። በቀን ከ0.8 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ማለት ነው፤ ከፍሪጄ ብዙም አያንስም። ይህን ሳልገዛው የነገረኝ የለም። ትልቅ ኢንቨርተር ብዙ ጊዜ ከዚህም በላይ ይበላል። ባለ 5 ኪሎዋቱን ብወስድ በነሐሴ ምን እሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። አሁን ብገዛ ከዋጋው ቀጥሎ የምጠይቀው "ዝም ብሎ ሲቀመጥ ስንት ዋት ይበላል?" ብዬ ነው።

ያልተጨረሰ ሥራ አንድ አለኝ። ሰኔ ላይ የጎንደር መብረቅ ቀልድ አያውቅም፣ የእኔ ፓናሎች ደግሞ እስካሁን የመሬት ሽቦም ሆነ የመብረቅ መከላከያ የላቸውም። ከሁለት ባለሙያ ዋጋ ጠይቄያለሁ። አንዱ በጥቅል ነገረኝ። ሌላኛው የብረቱን ዘንግ፣ የሽቦውን ሜትር፣ የእጁን ዋጋ ለየብቻ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ለሁለተኛው ደውዬ ለየካቲት ቀጥሬዋለሁ።