ጉድጓድ ከማስቆፈር በፊት የትኛውን ጥናት እንግዛ? ንጽጽር ለሰሜን ሸዋ

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለ አንድ የመስኖ ማኅበር ሊቀመንበር ሰሞኑን ሦስት ፕሮፎርማ ይዘው ቢሮዬ መጡ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሯቸው። «በል ልጄ፣ ያንተ ሙያ ነው፤ የቱን እንግዛ?» አሉኝ።

አንደኛው ሁለት ቦታ ላይ ቬስ (መሬቱን ከላይ ወደ ታች በኤሌክትሪክ የሚመረምር ልኬት) ለክቶ የሚቆፈርበትን ነጥብ ያመለክታል። ሁለተኛው አካባቢውን በእግር ዞሮ የጂኦሎጂ ካርታ ከሠራ በኋላ ቱዲ ኢሜጂንግ፣ ማለትም የመሬቱን ጎን የሚያሳይ የኤሌክትሪክ ምስል፣ ያነሳል። ሦስተኛው «ሙሉ የስሪዲ ከርሰ ምድር ሞዴል» ይላል፤ የከርሰ ምድር ውሃውን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ማስላት ማለት ነው። ዋጋው ከአንዱ ወደ ሌላው እየናረ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ መሬቱን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ጥናት የሚመረጠው በመሬቱ ነው። ሰሜን ሸዋ ደግሞ አንድ ዓይነት መሬት አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር አካባቢ ናችሁ፤ ኮት አውልቃችሁ ጥላ ትፈልጋላችሁ። የላይኛው ዐለትና የታችኛው ደለል ውሃ የሚይዙበት መንገድም እንደዚያው ለየቅል ነው።

ካርታው ምን ያህል ይነግረናል?

ሦስቱም ፕሮፎርማዎች «ነባር መረጃ መሰብሰብ» የሚል መስመር አላቸው። ለእሱ ብዙ ብር አትክፈሉ። የአሁኑ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት፣ የድሮው ጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ በ1:250,000 መጠን የጂኦሎጂና የሃይድሮጂኦሎጂ ካርታዎችን አዘጋጅቷል። ታች ያለው ባዛልት (የቀዘቀዘ ላቫ) ነው ወይስ ኢግኒምብራይት (ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ዐለት)፣ ትልልቆቹ ፎልቶች፣ ማለትም የመሬት ስብራቶች፣ በየት በየት ያልፋሉ የሚለውን ከዚያ ታገኛላችሁ። ደጋውን ከሸፈኑት ዐለቶች አንዱ በጂኦሎጂ መጻሕፍት ውስጥ ስሙን የወሰደው ከእኛው ጣርማ በር ነው። ይህንን ለጋሼ ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

ግን ካርታው ወሰን አለው። ስል እርሳስ ይዤ የጋሼን ማኅበር ማሳ ፈለግኩ። የእርሳሱ ጭረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ማለት መሬት ላይ 125 ሜትር ነው። ወንዙን፣ መንገዱንና ማሳውን ጭረቱ ዋጣቸው። በ1:50,000 መጠን ቢሆን ያው ጭረት 25 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ካርታው የት አካባቢ እንደምትፈልጉ ይነግራችኋል፤ ሪጉ፣ መቆፈሪያ ማሽኑ፣ የሚቆምበትን ነጥብ ግን ከእሱ አትጠብቁ።

ቬስ ወይስ ቱዲ?

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ቬስ ማለት አራት የብረት ካስማ መሬት ላይ ተክሎ፣ በሁለቱ ኤሌክትሪክ እየላኩ በሁለቱ ቮልቴጅ መለካት ነው። የሚወጣው ቁጥር፣ በኦም ሜትር፣ መሬቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቃወም ይነግራል፤ ውሃ ያለበት ዐለት ቁጥሩ ከደረቁ ዝቅ ይላል። የዳሮቹ ካስማዎች በተራራቁ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ወደ ታች ይጠልቃል። 200 ሜትር ጥልቀት ለማየት ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መዘርጋት አለበት። ሰውዬው 300 ሜትር ገመድ ዘርግቶ «180 ላይ ውሃ አለ» ካላችሁ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት።

ትልቁ ችግር ቬስ መሬቱን እንደ ተደራረበ እንጀራ አድርጎ ማሰቡ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ፣ በአግድም የተነጠፈ። ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ይህ ብዙም አያሳስትም። ወንዞቹ ከገደሉ ያወረዱት አሸዋና ጠጠር በአመዛኙ ተነጥፎ ተኝቷል። እዚያ ለአንድ ጉድጓድ አራት አምስት ቬስ በቂ ነው፤ ለቱዲ ተጨማሪ ብር ማውጣት አያስፈልግም።

ደጋው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ድፍን ባዛልት ውስጥ ውሃ የለም። ውሃው ያለው በስንጥቁ፣ ዐለቱ በበሰበሰበት ቦታና በሁለት የላቫ ፍሰቶች መካከል ነው። ስንጥቅ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወይም አዘንብሎ ይቆማል። 30 ሜትር ወደ ግራ ብትሉ ታገኙታላችሁ፤ ወደ ቀኝ ብትሉ ያመልጣችኋል። አንድ ቬስ ይህንን አያይም። ቱዲ ግን በአንድ መስመር ላይ ብዙ ካስማ ተክሎ መሬቱን በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ከጎኑ ያሳያል። ፎልቱ የት እንዳለ፣ ወደየት እንዳዘነበለ ይታያል። ጉድለት አለው፤ የሚያየው ጥልቀት በግምት የመስመሩን ርዝመት አንድ አምስተኛ ነው። 400 ሜትር መስመር 80 ሜትር ያህል ያሳያል። ስለዚህ ደጋ ላይ የምመክረው ቱዲው ስንጥቁን እንዲያገኝ፣ ከዚያ በላዩ ላይ አንድ ሁለት ጠለቅ ያለ ቬስ እንዲለካ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን መንዝ ውስጥ አንድ ጉድጓድ ላይ ነበርኩ። ጥናቱ ሁለት ቬስ ብቻ ነበር። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲመጣ «ውሃ ነው» ተባለ፤ እኔም አብሬ ፈረምኩ። ሪጉ ሲቆፍር ግራጫ ዱቄት ይተፋ ነበር። ያ ቁጥሩ ያሳየው ጥልቀት ላይ ሲደርስ ዱቄቱ ቆመና ቀይ ጭቃ ጎረሰ። በእጄ አሸት አሸት አደረግኩት፤ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። በሁለት ላቫ መካከል የተቀበረ የጥንት አፈር ነበር። ርጥብ ሸክላም ከ20 ኦም ሜትር በታች ይሰጣል፣ ጨዋማ ውሃም እንደዚያው። ቁጥሩ ብቻውን አይለያቸውም። ከበስተኋላዬ ጀሪካን ይዘው የቆሙ እናቶች ነበሩ። እስከ ዛሬ ያንን ጭቃ አልረሳውም።

ያን ጊዜ አንድ ሰው ሁለት ቀን በእግሩ ቢዞር ኖሮ ቀዩን አፈር ከወንዙ ዳር ገደል ላይ ተጋልጦ ያየው ነበር። ለዚህ ነው በፕሮፎርማ ላይ «የመስክ ካርታ» የሚለውን መስመር ዋጋ ለማስቀነስ ብላችሁ አታስወጡ የምለው። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ርካሹ የጂኦሎጂስቱ እግር ነው።

መርሐቤቴና ጀማ ሸለቆ ዳር ላሉ ደግሞ ይህ መስመር ከሁሉም ይቀድማል። እዚያ ከባዛልቱ ሥር አሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ አለ፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ጂፕሰም። ሸለቆው በጣም ጥልቅ ስለሆነ ውሃው ወደ ገደሉ ይፈስሳል። ከገደሉ አፋፍ አጠገብ መቆፈር ብዙ ጊዜ ደረቅ ያወጣል። ምንጮቹ የት ዐለት ላይ እንደሚፈልቁ በካርታ ካልተያዘ፣ ምን ዓይነት መሣሪያ ብትከራዩ አይረዳችሁም። ጂፕሰሙ ውስጥ ያለፈ ውሃ ደግሞ ሰልፌቱ ይበዛል። በምንጃር በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆ የምትወርዱ ከሆነ ፍሎራይድ አስመርምሩ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው።

ስሪዲ ሞዴሉስ?

ሞዴል ጥሩ ነገር ነው። ሞድፍሎው የሚባለው ፕሮግራም ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በነፃ ይሰጠዋል። ስለዚህ ለሶፍትዌሩ ብላችሁ የምትከፍሉት ነገር የለም። ዋጋው ያለው ዳታው ላይ ነው፦ የጉድጓድ ሎግ (ሲቆፈር የወጣው ዐለት መዝገብ)፣ የፓምፒንግ ቴስት (ውሃ እየሳቡ የሚደረግ የጉድጓድ ፍተሻ)፣ ክረምትና በጋ የተለካ የውሃ ከፍታ።

ለአንድ ማኅበር፣ ለአንድ ጉድጓድ፣ ዳታ በሌለበት ቦታ ሞዴል መግዛት ባለቀለም ሥዕል መግዛት ነው። ለደብረ ብርሃን ከተማ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ፋብሪካዎቹ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና የከተማው ውሃ አገልግሎት አንድ አካባቢ ላይ ይስባሉ። አንዱ ፓምፕ ሲነሳ የጎረቤቱ ጉድጓድ ይወርዳል። በዓመት ምን ያህል ቢሳብ ይተካል የሚለውን ያለ ሞዴል መመለስ አይቻልም። ገዢው ከተማ ወይም የፋብሪካዎች ስብስብ ከሆነ ሦስተኛውን ይግዛ። ሻጩንም አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ሞዴሉ የተመሠረተው በስንት ጉድጓድ ዳታ ላይ ነው?

ውሃ ሳይሆን መሬት ከሆነ ጉዳያችሁ

ተዳፋት ላይ እርከን ልትሠሩ፣ መንደር ልታሰፍሩ ወይም መንገድ ልታወጡ ከሆነ፣ ከቬስም ከሞዴልም በፊት የመሬት መንሸራተት ካርታ ግዙ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ወይን አካባቢ መሬቱ ቤትና ማሳ ይዞ ተንሸራቷል። ያ ገደል የበሰበሰ ዐለት፣ ፎልትና የክረምት ዝናብ የተገናኙበት ነው። ደጋው ሜዳ ላይ የውሃ ማስረጊያ ቦይ መቆፈር መልካም ሥራ ነው። በሚንሸራተት ተዳፋት ላይ ግን ውሃ ማስረግ መሬቱን ማክበድና ማንሸራተት ነው። አንድ ዓይነት የተፋሰስ ዲዛይን ለደጋውም ለገደሉም ሲሰጥ ሳይ ያመኛል። ለዚህ ሥራ የሳተላይት ምስል፣ ኪውጂአይኤስ የሚባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌርና መስክ የወረደ ሰው ይበቃሉ።

ጅሩና እነዋሪ ላይ ለጥቁሩ አፈር የምትጨነቁ ደግሞ የአፈር ካርታ ፈልጉ። የጂኦሎጂው ካርታ «ባዛልት» ብሎ ያልፋችኋል።

ጋሼ ሁለተኛውን መረጡ። ከአራቱ የቱዲ መስመሮች ሁለቱን ቀነስን፤ ማሳው ጠባብ ነው። በተረፈው ብር አንድ ጠለቅ ያለ ቬስና ሲቆፈር በየሜትሩ የሚወጣውን ድንጋይ የሚመዘግብ ጂኦሎጂስት አስገባን። ከዚያ ጋሼ እስክሪብቶ ጠየቁኝና ከፕሮፎርማው ግርጌ በእጃቸው ጻፉ፦ «ጥሬ ዳታው ከሪፖርቱ ጋር ለማኅበሩ ይሰጣል።»