ሌፍት ሃንድ ፓዝ ወይስ ክላንደስታይን? ከኢንቱምድ አልበሞች የቱን ልግዛ?

የስዊድን ዴዝ ሜታልን (ድምፃዊው እያገሳ የሚዘፍንበትን በጣም ከባድ የሮክ ሙዚቃ) ሸክላ መግዛት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ እነዚህ ሁለት አልበሞች ላይ ይደርሳል። ሁለቱም ኢንቱምድ የተባለው የስዊድን ባንድ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም የተቀረጹት ስቶክሆልም ባለው ሰንላይት ስቱዲዮ፣ በፕሮዲውሰር ቶማስ ስኮግስበርግ እጅ ነው። ሽፋናቸውን የሳለው ዳን ሲግሬቭ ነው። ያሳተማቸውም የእንግሊዙ ኢርኤክ ነው። ሌፍት ሃንድ ፓዝ በ1990 ወጣ፣ ክላንደስታይን በ1991። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሽፋናቸውን ጎን ለጎን ያየ መንታ ይላቸዋል። ሲሰሙ ግን አንደኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወጥ ነው፣ ሁለተኛው ከፍ ዝቅ ይበዛበታል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ሌፍት ሃንድ ፓዝን ግዙ። ኢንቱምድ ከሠራቸው ምርጥ ሦስት ዘፈኖች ሁለቱ ያሉት ግን ክላንደስታይን ላይ ነው። ምርጫውን ከባድ የሚያደርገው ይኼ ነው።

ሌፍት ሃንድ ፓዝ ለምን ወጥ ሆነ? ዘፈኖቹ ቀድመው ስለበሰሉ ነው። ልጆቹ ከዚያ በፊት ኒሂሊስት የሚባል ባንድ ነበራቸው፣ ብዙዎቹን ዘፈኖችም በዚያ ስም ለሙከራ በተቀረጹ ዴሞ ካሴቶች ላይ ሠርተዋቸው ነበር። በ1989 ከቤዝ ተጫዋቹ ከጆኒ ሄድሉንድ ጋር አልተስማሙም። ፊት ለፊት ውጣ ከማለት ይልቅ ባንዱ ፈርሷል ብለው፣ ወዲያው ያለ እሱ ኢንቱምድ ብለው ተነሡ። ጉድ ነው መቼስ! ሄድሉንድም አልተቀመጠም፣ አንሊሽድ የሚባል ባንድ አቋቋመ። አልበሙ ሲቀረጽ ድምፃዊው ኤል ጂ ፔትሮቭና ከበሮ መቺው (ድራመሩ) ኒኬ አንደርሶን ገና የ17 ዓመት ልጆች ነበሩ።

የጊታሩ ድምፅ ቦስ ኤችኤም-2 ከምትባል ፔዳል፣ በእግር ተረግጣ የጊታርን ድምፅ ከምትቀይር ትንሽ ሣጥን፣ የመጣ ነው። አራቱንም ቁልፎች እስከ ጥግ ያዞሯታል። የሚወጣውን ድምፅ የሜታል ሰዎች ከዛፍ መቁረጫ ሞተር ጋር ያመሳስሉታል፣ አልተሳሳቱም። በዚህ ላይ የፔትሮቭ ድምፅ ከሆድ ወጥቶ ያገሳል። አልበሙ ስሙን የወሰደበት የመጀመሪያው ዘፈን ግማሹን ከሮጠ በኋላ ቀስ ይልና ፋንታዝም ከተባለው የ1979 አስፈሪ ፊልም ዜማ ወስዶ ይዘጋል። ዴዝ ሜታል ዜማ የለውም የሚል ጓደኛ ካላችሁ ይህን አሰሙት።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ልጅ፣ ወደ ክላንደስታይን። በሁለቱ አልበሞች መካከል ፔትሮቭ ከባንዱ ተባረረ። ክሮል የተባለችውን አጭር ሥራ ኒርቫና 2002 ከሚባል ሌላ የስዊድን ባንድ የመጣው ኦርቫር ሴፍስትሮም ዘፈነላቸው። ከዚያ ጆኒ ዶርዴቪች ተቀጠረ። ክላንደስታይን ላይ ድምፃዊ ተብሎ የታተመው የእሱ ስም ነው። የምትሰሙት ድምፅ ግን የድራመሩ የኒኬ ነው። ልጁ ከበሮውን መታ፣ ከዘፈኖቹም አብዛኞቹን ጻፈ፣ በመጨረሻ ማይኩንም ያዘ።

ውጤቱም ይታወቃል። ኒኬ አያገሳም፣ ይጮኻል። ጩኸቱ ቁጣ አለው፣ ግን 43 ደቂቃ ሙሉ በአንድ ከፍታ ሲሄድ ያደክማል። አንዱ የጊታር ሀረግ ጆሮ ውስጥ ሳይቀመጥ ቀጣዩ ይገባል፣ ከበሮው ይቆርጣል፣ ፍጥነቱ ይቀየራል። ብሌስድ ቢ እና ሲቪር በርንስ የተባሉት ዘፈኖች ላይ ጥሩ ሐሳብ ሞልቷል፣ ዘፈን ሆኖ የተቋጨው ግን ጥቂት ነው። ባንዱ “ይኼኛው ይቅር” የሚል አንድ ሰው ቢያገኝ ኖሮ ስድስት ዘፈን ያለው የማይነካ አልበም ይሆን ነበር።

ግን ሲነሳ! ሲነርስ ብሊድ የመጀመሪያው አልበም ላይ ካለ ከየትኛውም ዘፈን ይበልጣል ባይ ነኝ። ስትሬንጀር ኢዮንስ ደግሞ ሩጫውን ትቶ በከባድ እርምጃ ይሄዳል። ፔትሮቭ ከተመለሰ በኋላ በ1993 የመጣውን ቮልቨሪን ብሉስ የተባለውን አልበም ሮክ ሮክ የሚል ስልት እዚህ ላይ አስቀድማችሁ ትሰሙታላችሁ። ባንዱም ራሱ አልበሙን አልናቀውም። በ2016 ማልመ ከተማ ላይ ሙሉውን ከሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር አቅርቦታል።

እንግዲህ ማን የቱን ይግዛ? ሸክላ አስቀምጦ ጎኑን ሳይዘል የሚሰማ ሰው ሌፍት ሃንድ ፓዝ። ለዴዝ ሜታል አዲስ የሆነ ሰውም እሱኑ። ጊታር ወይም ከበሮ የሚጫወት፣ ዘፈን ፈታቶ ማየት የሚወድ ሰው ግን በክላንደስታይን ቢጀምር አይቆጨውም። የሚማርበት ነገር እሱ ላይ ይበዛል። ፔትሮቭን ብሎ የመጣ ሰው ክላንደስታይን ላይ አያገኘውም፣ ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን እንዳያወጣ።

ሸክላ ስትመርጡ ኢርኤክ ፉል ዳይናሚክ ሬንጅ ብሎ ያወጣቸውን እትሞች ፈልጉ። ድምፁ አልተጨፈለቀም፣ ከበሮው ይተነፍሳል። ክላንደስታይን ላይ በተለይ ልዩነቱ ይሰማል፣ የተጨናነቀ አልበም ስለሆነ። ሌፍት ሃንድ ፓዝን በሲዲ ከገዛችሁ ከመጀመሪያው ሸክላ ላይ ያልነበሩ ሁለት ተጨማሪ ዘፈኖች ታገኛላችሁ። ክፉ አይደሉም፣ ለእነሱ ብላችሁ ግን ሲዲ አትምረጡ።

አንድ ሦስተኛ ምርጫ ልጨምር፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። በዚያው በ1991፣ በዚያው ሰንላይት፣ በዚያው ስኮግስበርግ እጅ ዲስሜምበር የሚባል ሌላ የስዊድን ባንድ ላይክ አን ኤቨር ፍሎዊንግ ስትሪም የተባለውን አልበሙን ቀረጸ። ሽፋኑም የሲግሬቭ ነው። የጊታር ሶሎዎቹን በአብዛኛው የተጫወተው ማን መሰላችሁ? ያው ኒኬ አንደርሶን ነው። እዚህ ግን እንግዳ ነበርና ሌሎቹ ዘፈኑን ያዙለት፣ እሱ ዜማውን ብቻ ጣል አደረገ። ስምንት ዘፈን፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ የሚዘለል የለም። ሌፍት ሃንድ ፓዝ ቤታችሁ ካለና ቀጣዩን የምትፈልጉ ከሆነ፣ ከክላንደስታይን በፊት ይኼን ግዙ። ክላንደስታይንን እስከዚያ ከኢንተርኔት እየመረጣችሁ ስሙ፣ በሲነርስ ብሊድ ጀምሩ።