የሞተሬን ታንከር ለሠሩልኝ የሂርማታ መርካቶው ጋሼ

ጅማ ውስጥ የሞተር ቤንዚን ታንከር የሚያፈስበት፣ ወይ እንደኔ ከየትም የማይገኝ ዕቃ ማሠራት የሚፈልግ ሰው ካለ ይቺን ያንብባት። ትንሽ ረዘም ትላለች፣ ታገሱኝ።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ሞተር ሳይክል እየገጣጠምኩ ነው። ሞተሩ ከተጋጨ 150 ሲሲ የተረፈ ነው። ሻንሲውን ራሴ ነኝ አጥፌ የበየድኩት። እናቴ ቁራሌው በበራችን ባለፈ ቁጥር "ልጥራልህ?" ትለኛለች። ሁሉም ነገር ተገኘ፣ ታንከር ብቻ ጠፋ። የታንከር ሆድ ከሥሩ ገባ ያለ ነው፣ የሻንሲውን ወገብ እንደ ኮርቻ ነው የሚያቅፈው። የኔ ሻንሲ ደግሞ ወገቡ ወፍራም ስለሆነ የተገዛ ታንከር አይቀመጥበትም።

መጀመሪያ አንድ ቤት አሠራሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር። መልኩ ያምር ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ቤንዚን ጭኔ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ስመልስላቸው በማጣበቂያ ደፈኑት፣ ቤንዚን ማጣበቂያውን በልቶ በአራተኛው ቀን እንደገና ጠብ ጠብ። ታች ያለው ማርሚታ እንደ ምጣድ የጋለ መሆኑን አስቡት። በዚያ ላይ ከአጂፕ ተነስቼ በአጋሮ መንገድ ትንሽ እንደሄድኩ ሞተሩ ይጠፋል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ፈታሁ፣ ወይ ፍንክች።

አንድ ባጃጅ ነጂ ነው የጠቆመኝ። ሂርማታ መርካቶ ውስጥ የከሰል ምድጃና የቡና መቁያ የሚቀጠቅጡ ሽማግሌ አሉ፣ እሳቸው ዘንድ ሂድ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ምድጃ የሚሠራ ሰው ታንከር ምን ያውቃል ብዬ ነበር።

ጋሼ ታንከሩን ተቀብለው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አፍንጫቸውን አፉ ላይ ማስጠጋት ነው።

"ቤንዚን ነበረበት?"

"ባዶ ነው ጋሼ፣ ትናንት ነው የደፋሁት።"

"ልጄ፣ ባዶው ነው የሚገድለው" አሉና ሲጋራ ይዞ በር ላይ የቆመውን ልጅ አባረሩት።

በኋላ ሳጣራ ልክ ናቸው። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው፣ አየሩ ውስጥ 1.4 በመቶ ያህል ትነት ካለ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ቤት በማጣበቂያ ባይደፍነውና እዚያው በእሳት ሊበይደው ቢሞክር ኖሮ ዛሬ ይሄን ላልጽፍ እችል ነበር። ጋሼ በፈላ ውሃና በኦሞ ሦስት ጊዜ አጠቡት፣ ገልብጠው አሳደሩት። በማግስቱ እሳት ከማስጠጋታቸው በፊት ደግሞ የሚበየደው ቦታ ሥር እስኪደርስ ድረስ ውሃ ሞሉት፣ ትነት የሚጠራቀምበት ባዶ ቦታ እንዳይኖር።

የታንከሩን የላይኛውን ክፍል አልነኩትም፣ ደህና ነው አሉ። ሆዱን ግን ቆርጠው ጣሉት። ሻንሲውን በባጃጅ ጭኜ እንዳመጣ አደረጉኝ፣ ከካርቶን ልክ ቆረጡና ከዚያ ነው ላሜራው ላይ የሳሉት። የቤንዚን መክፈቻ የሚታሰርበትን ጥርስ ያለው ቁራጭ ቶርኖ ቤት አስጠረቡ። አንገቱን፣ ክዳኑን፣ ማሰሪያ ጆሮዎቹን እዚያው በመዶሻ አወጧቸው። ጆሮዎቹ ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ገባ። የበፊቱ የተሰነጠቀው ብረት ከብረት ጋር ጥብቅ ተደርጎ ስለታሰረ ነው፣ የሞተሩ ንዝረት በብየዳው በኩል ቀደደው።

ቤንዚን የሚወስደውን ቱቦ ደግሞ ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ አደረጉት። ለምን አልኳቸው። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ታች ይተኛል አሉኝ። በጅማ ዝናብ፣ ያውም ማደያ ሰልፍ ሲሆን መንገድ ዳር በሃይላንድ ለምንገዛው ቤንዚን ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዝቅተኛው ጥግ ላይ ውሃውን ማፍሰሻ ቡሎን አለ፣ ባለፈው ከፍቼ ግማሽ ሲኒ የሚሆን ቡናማ ውሃ አወጣሁ።

የሞተሩ መጥፋትስ? የድሮው ክዳን መተንፈሻ አልነበረውም። ቤንዚኑ በወረደ ቁጥር በቦታው አየር ካልገባ ውስጡ ይሳብና ቤንዚን መውረድ ያቆማል። መንገድ ላይ ክዳኑን ስከፍት "እስስስ" ሲል እሰማ ነበር እኮ፣ አላስተዋልኩትም እንጂ! ጋሼ ክዳኑን አፋቸው ላይ አድርገው እፍ አሉበትና "ታፍኖ ነው" አሉ፣ በቃ። እኔ ካርቡሬተር ስፈታ ከረምኩ።

ያስገረመኝ ግን ፍተሻው ነው። አለቀ ብዬ ብር ላወጣ ስል ቁጭ በል አሉኝ። ኖራ በውሃ በጥብጠው ብየዳውን ሁሉ ከውጭ ነጭ ቀቡት። ሲደርቅ ውስጡን ላምባ ሞሉት። ላምባ ውሃ በማያልፍበት ጥቃቅን ቀዳዳ እንኳ ያልፋል፣ ደረቅ ኖራ ላይ ደግሞ ወዲያው ይታያል። በማግስቱ ጠዋት ስሄድ ነጩ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል እርጥብ ነጥብ ነበረች። እኔ ተናደድኩ፣ እሳቸው ግን የጠፋ ከብት እንዳገኘ ሰው ነው ደስ ያላቸው። እንደገና አጥበው ውሃ ሞልተው ዘጉልኝ፣ ኖራውንም እንደገና ቀቡት። ለዚህ ሳንቲም አልጨመሩብኝም። አሁን ሦስት ወር ሆነው፣ ጠብ አላለም።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ፣ እንዳትወቅሱኝ። ቀስ ይላሉ። ሐሙስ ካሉ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ጠይቁ። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ። ስልክ አያነሱም፣ መዶሻው አያሰማቸውም። ቀለም አይቀቡም፣ እሱን ሌላ ቦታ አሠሩ። ከቶርኖው በቀር ሁሉንም ጨምሮ 2,800 ብር ከፍያለሁ። ለመጀመሪያው ቤት የከፈልኩት ከዚህ ይበልጣል።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ "ሰው ይበዛብኛል" ብለው። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እመራችኋለሁ። ስትሄዱ ታንከሩን ብቻ ሳይሆን የሚቀመጥበትን ሻንሲ ጭምር ይዛችሁ ሂዱ፣ ቤንዚን እንደነበረበትም ሳትደብቁ ተናገሩ።

ጋሼ፣ ይሄን የልጅ ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። ገለቶማ! ያቺን የተረፈች ላሜራ አልመጣም ለመውሰድ፣ ምድጃ ያድርጓት። አንዱን ለእናቴ እገዛዋለሁ፣ ቁራሌ መጥራት ትታለች።