ግኑካሽን ለ13 ወር ስጠቀም፦ ዳሽቦርዱን ከቤታችን ጥያቄ ጋር ማስማማት

ግኑካሽ የተባለውን ነፃ የሂሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም የጀመርኩት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ይህን የምጽፈው በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ስለሆነ 13 ሙሉ ወራት ተጠቅሜበታለሁ ማለት ነው። የመረጥኩበት የመጀመሪያ ምክንያት ቀላል ነበር፦ በባሕር ዳር የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ በቆየባቸው ወራት በስልክ ስጠቀምበት የነበረው የገንዘብ መቆጣጠሪያ ሥራውን አቁሞብኝ ስለነበር፣ መረጃውን በራሴ ላፕቶፕ ላይ የሚያስቀምጥና ኔትወርክ የማይጠይቅ ፕሮግራም ፈለግሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ ሲመለስ በፍላሽ አምጥቶልኝ ጫንኩት። ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ ያቆየኝ ያለ ኔትወርክ መሥራቱ ብቻ ሳይሆን፣ ስከፍተው መጀመሪያ የማየውን የማጠቃለያ ገጽ፣ ማለትም ዳሽቦርዱን፣ ራሴ መወሰን መቻሌ ነው። ስለዚህ የምጽፈው በዋናነት ስለዚሁ ነው።

ፕሮግራሙ ድርብ ምዝገባን ይከተላል፤ እያንዳንዱ ብር ከአንድ ሂሳብ ወጥቶ ወደ ሌላ ሂሳብ ይገባል፣ የወጣውና የገባው ካልተካከለ ደግሞ ምዝገባው ሙሉ አይሆንም። ለሂሳብ ባለሙያ ይህ የተለመደ ነው፤ ለእኔ ግን ለመልመድ ሦስት ሳምንት ያህል ወስዶብኛል። ምናሌዎቹን የምጠቀመው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ የሂሳቦቹን ስም ሁሉ በአማርኛ ጽፌአቸዋለሁ። ከባንክ ጋር በቀጥታ ስለማላገናኘው ገቢና ወጪውን ማታ ማታ ከአጭር የጽሑፍ መልእክቶች እያየሁ በእጄ አስገባለሁ። ይህ በቀን አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ እኔ እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን ወጪ አንድ ጊዜ ስጽፈው በደንብ አስታውሰዋለሁ።

ፕሮግራሙ አብሮት የሚመጣ የተዘጋጀ ዳሽቦርድ አለው። የወጪ ክብ ግራፍ፣ የገቢ ክብ ግራፍ፣ ገቢና ወጪን የሚያነጻጽር ግራፍና የሂሳቦች ማጠቃለያ በአንድ ገጽ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። መልኩ ያምራል፤ እኔም ለሁለት ወር ያህል ሳልነካው እያየሁት ቆየሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ ከጎኔ ቁጭ ብሎ ሲመለከት ቆየና «ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ባንክ ካለው ውስጥ የእኛ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ገጹ ላይ መልስ አልነበረም። ጥያቄው ግን በቤታችን ከሁሉም የሚቀድም ነበር።

ምክንያቱን ላስረዳ። እናቴ የምትኖረው ዘጌ ነው፤ ከቡናዋ ሽያጭ የምታገኘውን ገንዘብ እኔ ዘንድ በአደራ ታስቀምጣለች፣ ለመድኃኒትና ለቤት የሚያስፈልጋትንም እየጠየቀች ትወስዳለች። ዕቁብ አለን። በሐምሌና በነሐሴ የልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ ይመጣል። ሁሉም ገንዘብ የሚቀመጠው በአንድ የባንክ ሂሳብ ውስጥ ስለሆነ፣ ባንኩ የሚነግረን ቁጥር ልክ ሆኖ ሳለ እኛን ያሳስተን ነበር። አንድ ወር ላይ በባንክ 61,400 ብር ነበረን፤ ከዚህ ውስጥ 18,000 የእናቴ አደራ፣ 26,000 ለዕቁብ ገና የምንከፍለው፣ 9,000 ደግሞ ለትምህርት ቤት የተያዘ ነበር። የእኛ የምንለው 8,400 ብር ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት ግን አዲስ ማቀዝቀዣ ለመግዛት ዋጋ ስንጠይቅ ነበር።

ዕቁቡን ለብቻው ማብራራት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። 20 አባላት ያሉት፣ በየሳምንቱ 2,000 ብር የሚጣልበት ዕቁብ እንበል፤ ዕጣው 40,000 ብር ነው። ዕጣው እስኪደርስ ድረስ የጣልነው ገንዘብ ሀብታችን ነው፣ ሌሎች ሊከፍሉን ይገባልና። በሰባተኛው ሳምንት ዕጣው ሲደርሰን 14,000 ከፍለን 40,000 እንቀበላለን፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ 26,000 ብር ተበድረናል ማለት ነው፣ እርሱንም በቀሪዎቹ 13 ሳምንታት እንመልሳለን። ቀድሞ በደብተር ስመዘግብ የዕቁቡን መዋጮ «ወጪ»፣ ዕጣውን ደግሞ «ገቢ» እያልኩ እጽፍ ነበር፤ በዚህም ዕጣው የደረሰን ወር የበለጸግን ይመስለኝ ነበር። በግኑካሽ ግን ዕቁቡን እንደ አንድ የሀብት ሂሳብ ከፈትኩት፤ ስንጥል ከፍ ይላል፣ ዕጣው ሲደርስ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ በመጨረሻው ሳምንት ዜሮ ላይ ይቆማል። ገቢም ወጪም አይነካም። በዚህ ፕሮግራም ካገኘሁት ጥቅም ሁሉ የላቀው ይህ ነው።

የእናቴን አደራ በዕዳ ክፍል ሂሳብ ከፈትኩለት። ለትምህርት ቤት የተያዘውን ደግሞ በባንክ ሂሳቡ ሥር ንዑስ ሂሳብ አድርጌ ለየሁት፤ ገንዘቡ በእርግጥ እዚያው ባንክ ውስጥ ነው፣ በእኛ መዝገብ ብቻ ነው የተለየው። ከባንክ መግለጫ ጋር ሲመሳከር ችግር ይፈጥራል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ነገር ግን የማመሳከሪያው መስኮት ንዑስ ሂሳቦችን አብሮ እንዲቆጥር የሚያደርግ ምርጫ ስላለው ድምሩ ከባንኩ ጋር ይገጥማል።

ከዚህ በኋላ ዳሽቦርዱን እንደገና ሠራሁት። በሪፖርቶች ምናሌ ውስጥ ብዙ ሪፖርቶችን በአንድ ገጽ ላይ በአምድ የሚደረድር ባዶ ሪፖርት አለ፤ የትኞቹ እንደሚገቡበት፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀመጡና እያንዳንዱ ስንት አምድ እንደሚይዝ መምረጥ ይቻላል። ሁለት አምድ አደረግሁት። ከላይ ሁለቱንም አምድ የያዘው የተጣራ ሀብት (ከሀብት ላይ ዕዳ ተቀንሶ የሚቀረው) መስመራዊ ግራፍ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም ሀብት እንዲቆጥር አልፈቀድኩለትም። ባንኩን፣ ቴሌብሩን፣ በእጅ ያለውን ጥሬ ገንዘብ፣ ዕቁቡንና አደራውን ብቻ መረጥሁ፤ የትምህርት ቤቱን ንዑስ ሂሳብ ተውኩት። በሳምንት በሳምንት እንዲቆጥርና ከግራፉ በታች ሰንጠረዡን እንዲያሳይ አደረግሁ፤ ስሙንም «የእኛው» ብዬ ቀየርኩት። ባለቤቴ የጠየቀው ቁጥር አሁን በሰንጠረዡ መጨረሻ ረድፍ ላይ ይገኛል። በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ጠቅላላ ሀብትን የሚያሳየውን መስመር ደግሞ ከዕይታ አወጣሁት፤ ከአንድ ቁጥር በላይ ሲኖር ዓይን ወደሚያስደስተው ይሄዳልና።

የወጪውን ክብ ግራፍ መጀመሪያ ላስወግደው ነበር። ጤፍ የምንገዛው በኩንታል ስለሆነ በገዛንበት ወር ክቡን ግማሽ ያህል ይሸፍነዋል፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ደግሞ ጭራሽ አይታይም። በኋላ ግን የአንድ ወር ሳይሆን ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ዛሬ ያለውን ወስዶ በወር አማካይ እንዲያሳይ አስተካከልኩት፤ አሁን ጤፉ ትክክለኛ ቦታውን ይዟል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የቀን አቆጣጠሩ ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ዘመን አቆጣጠር ብቻ ሲሆን፣ የእኛ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይና ዕድር የሚሄዱት በእኛ አቆጣጠር ነው። መጀመሪያ የመንግሥትን በጀት ዓመት ተከትዬ የገቢና ወጪውን ግራፍ ከሐምሌ 1፣ ማለትም ከጁላይ 8 እንዲጀምር አደረግሁት፤ ግራፉም እያንዳንዱን ወር ከ8 እስከ 7 እየቆረጠ ይቆጥራል። በኅዳር ላይ ስመለከት አንዱ ወር ደመወዝ የሌለው፣ ተከታዩ ደግሞ ሁለት ደመወዝ ያለው ሆኖ አገኘሁት። ምዝገባ ያጠፋሁ መስሎኝ አንድ ምሽት ሙሉ ስፈልግ አመሸሁ። ምዝገባው ልክ ነበር። የመስከረም ደመወዜ የገባው በ28 ነው፤ ይህ ኦክቶበር 8 ላይ ስለዋለ ወደሚቀጥለው ወር ተሻገረ፤ የጥቅምት 28 ደግሞ ኖቬምበር 7 ስለሆነ እዚያው ወር ውስጥ ገባ። መፍትሔው መነሻውን ወደ መስከረም 1፣ በ2017 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ወደዋለው ቀን ማዛወር ነበር። ከ11 እስከ 10 ሲቆረጥ በየወሩ በ28 የሚገባው ደመወዝ አንድም ሳይሻገር እያንዳንዱ በየወሩ ይውላል፣ ጳጉሜንም ከነሐሴ ጋር ትቆጠራለች። የበጀት ዓመት ለመሥሪያ ቤት ይሁን፤ ለቤት ግን መስከረም ይሻላል ብያለሁ።

ቀጠሮ የተያዘላቸው ክፍያዎችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። በየወሩ በ5 የምንከፍለውን ኪራይ በየ30 ቀኑ እንዲመዘገብ አድርጌ ነበር፤ ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ ዓመቱን ሙሉ በትክክል ይሄዳል። ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ግን የመስከረም 5ቱን ኪራይ ጳጉሜን 5 ላይ አስቀመጠው። በዓመት አንድ ጊዜ መነሻውን በእጅ ማስተካከል ግድ ነው። ይህን ችግር ብታገሠውም የክፍያ ቀጠሮዎቹን መተው አልፈልግም፤ ምክንያቱም ከ60 ቀን አስቀድመው እንዲመዘገቡ ስላደረግኋቸው፣ በሂሳቦች ዝርዝር ላይ ወደፊት የሚደረስበትን ዝቅተኛ ቀሪ የሚያሳይ አምድ መጨመር ቻልኩ። ባንክ ውስጥ ዛሬ ያለው በቂ ሆኖ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ባዶ የሚወርድ ከሆነ ያ አምድ አስቀድሞ ያሳያል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ መደበኛው የድምር አምድ የወደፊቶቹንም ክፍያዎች ስለሚቀንስ ባለቤቴ «ባንኩ ከዚህ በላይ ይላል» ብሎ ተከራክሮኛል፤ የዛሬውን ብቻ የሚያሳየውን አምድ ከጎኑ ካወጣሁ በኋላ ክርክሩ ቆመ።

አሁን ወደ ጉዳቶቹ። የካቲት ላይ ላፕቶፕ ስቀይር የሂሳብ ፋይሉን ብቻ ገልብጬ ወደ አዲሱ ወሰድኩ። ምዝገባው በሙሉ መጣ፣ ያሰናዳሁት ዳሽቦርድ ግን አልነበረም። የተቀመጡ ሪፖርቶች በሂሳብ ፋይሉ ውስጥ ሳይሆን በተጠቃሚው የግል ማኅደር ውስጥ በተለየ ፋይል እንደሚቀመጡ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ አሮጌው ላፕቶፕ በቤት ስለነበረ ተረፍኩ። ፕሮግራሙን የሚጀምር ሰው ሁለቱንም በፍላሽ እንዲያስቀምጥ አጥብቄ እመክራለሁ። መብራት በድንገት ሲጠፋና ባትሪው ሲያልቅም በሚቀጥለው ጊዜ ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ሌላ ቦታ እንዳልተከፈተ ካረጋገጡ በኋላ እንዲሁ ክፈት ማለት ይበቃል። ራሱን በየሦስት ደቂቃው እንዲያስቀምጥ ስላደረግሁ እስካሁን ከአንድ ወይም ሁለት ምዝገባ በላይ አልጠፋብኝም። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊጽፍበት አይችልም። የሪፖርቶቹ የምርጫ መስኮትም ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዳሽቦርዱን አሁን ባለበት ለማድረስ በድምሩ ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል።

በግንቦት እናቴ በጀልባ መጥታ ነበር። ገና ቡናው ሳይቀርብ «ልጄ፣ ከዚያ ገንዘብ ምን ያህል ቀረ?» አለችኝ። ቀድሞ ቢሆን ደብተር አገላብጬ፣ የባንክ መልእክት ቆጥሬ፣ በመጨረሻም በግምት ነበር የምመልስላት። ላፕቶፑን ከፍቼ «እማዬ፣ 11,250 ብር አለሽ፤ በሚያዝያ የወሰድሽው የመድኃኒቱ ይኸውልሽ» ብዬ አንድ በአንድ አነበብኩላት። ከዚያ ወዲህ የአደራውን ሂሳብ ለብቻው በአንድ ትንሽ ሪፖርት ከዳሽቦርዱ ግርጌ ጨምሬዋለሁ፤ ወደ ዘጌ በምሄድበት ጊዜ ሁሉ አትሜ እወስድላታለሁ።

በዚህ ሳምንት የሚቀረኝ ሥራ የኪራዩንና የዕድሩን ቀጠሮ ጳጉሜን ከመግባቷ በፊት በአምስት ቀን መግፋትና የግራፎቹን መነሻ ወደ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ማሻገር ነው።